በሃምሳ ዓመቱ ግሪክኛ የተማረው ሰውዬ

ስልኩ የጮኸው እሑድ ከሰዓት፣ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር። ቭላርዲንገን የምትኖረው የጉባኤያችን እህት ነች።

«ዛሬ ቀረሽ እንጂ! እማማ ሮተርዳም፣ የጸሎት አዳራሹ መሐል ቆመው መሰከሩ። አንቺ የነገርሻቸውን አባት አነሡ።»

«የትኛውን አባት?»

«ግሪክኛ የተማረውን ነዋ! አዲስ ኪዳንን በገዛ ዓይኑ ሊያነብ ብሎ በሃምሳ ዓመቱ የተማረውን። ሰዉ እልል አለ። የጉባኤው ሽማግሌም በሚቀጥለው እሑድ እሰብክበታለሁ ብለዋል።»

ካነጋገረችኝ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ።

እማማ የምንላቸው ሄግ፣ ትራንስቫል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ሐኪም ዘንድ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ፤ ሕመማቸውን በኔ አፍ ሲናገሩ ያፍራሉ። ሆላንድኛ ይማሩ ስላቸው «በዚህ ዕድሜዬ?» ይሉኛል። አንድ ቀን «በሃምሳ ዓመቱ ግሪክኛ የተማረ ሰው ነበር እኮ» አልኳቸው። ለምን እንደተማረ አልነገርኳቸውም። አማኝ ሰው ግሪክኛ ሲባል ምን እንደሚያስብ ግን አውቅ ነበር።

ሰውዬው ሩሲያዊ ተረት ጸሐፊ ነው። ሩሲያ ስማር የቋንቋ አስተማሪያችን ስለ እሱ አውርታ አትጠግብም። አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት፣ ትምህርት ቤት በወጉ ሳይገባ፣ በእንስሳት አፍ ሹማምንቱን የነካካ፤ ዛሬም ሕፃናት ተረቶቹን በቃላቸው የሚወጡለት። ደግሞም በልቶ የማይጠግብ፣ ሶፋ የማይለቅ፣ ካርታ ተጫዋች። ግሪክኛውን የተማረው ከወዳጁ ጋር ተወራርዶ ነው ይባላል።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ጉባኤያችን ውስጥ ጸሎት ቤታቸው የታሸገባቸው፣ ለእምነታቸው የታሰሩ ነበሩ። ሩሲያ ብዬ እንዴት ልጀምር? አልዋሸሁም፣ አልዋሸሁም እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስንቆራጠጥ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ትራንስቫል ሄጄ ነገርኳቸው።

«ተወራርዶ?» አሉ እማማ።

«አዎ እማማ።»

«ካርታም?»

«ካርታም።»

«ወይ ጉዴ! በቁማርተኛ እልል አስባልሽኝ!» ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ቆመ። «ግሪክኛውንስ እውነት ተማረ?»

«ተማረ።»

«እኔም ሆላንድኛ ተምሬ ሰኞ ሐኪሜን ብቻዬን አነጋግሬያለሁ። ለኔ ነግረሽ ጨርሰሻል ልጄ። ለአዳራሹ ግን ራስሽ ንገሪ። እኔ አንቺን አምኜ ነው የመሰከርኩት።»

እሑድ ሽማግሌው ሰበኩ። «ያ የእግዚአብሔር ሰው» ሲሉ የፊቴን ወንበር ይዤ ልናገር ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እማማ ዞረው አዩኝ። ሰዉ አሜን አለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እማማ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሡብኝም፤ ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰባኪ ግሪክኛ በጠቀሰ ቁጥር ዛሬም ቀና ማለት አልችልም።

በዚያ እሑድ ሮተርዳም አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ያን ታሪክ ለልጆቻችሁ ነግራችሁ እንደሆነ እባካችሁ አርሙልኝ። ሰውዬው ተረት ጸሐፊ ነበር፤ ግሪክኛውንም በእርግጥ ተምሯል። እማማ ከኔ ሰምተው የመሰላቸውን ነው የመሰከሩት። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።