አምስተኛው ቀዳዳ

ቦንጋ ውስጥ እንስሳ ባመፀ ቁጥር ሰው የሚልከው ወደ ወልደሥላሴ ቤት ነበር። ያነከሰ በቅሎ፣ ኮርቻ አልቀበል ያለች ባዝራ፣ ነካሽ ድንጉላ፣ ሁሉም እሱ አጥር ላይ ይታሰራል። ወልደሥላሴ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ እንስሳውን ሦስት ጊዜ ይዞረውና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ሆኖ ይገኛል፤ ይህንንም የሚናገረው በባለቤቱ ፊት ነው። አዲስ አበባ ፈረሰኛ ፖሊስ ሆኖ ሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወደ አገሩ ቢመለስም ከተማው ዛሬም «አስር አለቃ» ይለዋል። «ፈረስ አይዋሽም» ይላል ዘወትር፤ «የሚዋሽ ካለ እላዩ ላይ የተቀመጠው ነው።» አባባሉ ከመለመዱ የተነሳ ባጃጅ ነጂዎች ሞተር አልነሳ ሲላቸው በእሱ ድምፅ «ባጃጅ አይዋሽም» እያሉ ይሳሳቁበት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የቡና ባለሀብት ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ዳማ ድንጉላ ሠራተኞቹ ፈሩበት። ፈረሱ ዓረብ ነው። ፊቱ መሐል ላይ ጎድጎድ ያለ፣ ጀርባው አጭር፣ ቅልጥሙ ቀጭን፤ ሲራመድ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ጅራቱን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ወልደሥላሴ በፖሊስነቱ ዘመን እንዲህ ያለ ፈረስ ላይ የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ያም ቀን ከልቡ አልወጣም። ስለዚህ ሁለት በቅሎዎቹን ሰጥቶ ፈረሱን ለወጠ። በቅሎዎቹ ከማንኪራ ቡናና ማር እየጫኑ ቤቱን የደገፉ ነበሩ። ሚስቱ አልጣሽ ከደጅ ቆማ አዲሱን እንግዳ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስምንት እግር ሰጥተህ አንድ ጅራት ይዘህ መጣህ» አለችው።

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ፤ የፈረሱም ስም ከተሰቀለው ጅራቱ የተነሳ በዚያው «ሰንደቅ» ሆኖ ቀረ።

በዞኑ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የእንስሳት ትርዒት ይደረጋል። የፈረስ ውድድሩ የሩጫ አይደለም። ፈረሱ ሜዳው ላይ የተጋደሙ ግንዶችን፣ የቀርከሃ አጥርና ቦይ እየዘለለ አንድ ዙር ይዞራል፤ ዳኞቹም እርምጃው ሳይፋጠንና ሳይቆራረጥ፣ ራሱ ሳይረበሽ፣ ጋላቢውን ሳያስጨንቅ መዞሩን አይተው ነጥብ ይሰጣሉ። ክፍት ውድድር ነው፤ የማንኛውም ዘር ፈረስ ይገባል። የዳኞቹ ሰብሳቢ ከደካ የሚመጡት ጋሽ ሐዲስ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በገሻ በኩል በፈረስ አዋቂነት የተከበሩ ሰው። እሳቸው ባደጉበት አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በዝግታ የሚሄድ ፈረስ ለጌታው አዘነ ይባልለታል። የጋሽ ሐዲስ ዓይን የተማረው እዚያ ነው። አንገቱ የወረደ ፈረስ ለእሳቸው ጨዋ፣ አንገቱ የቆመ ደግሞ ባለጌ ነው።

ባለፈው ዓመት ሰንደቅ ከወልደሥላሴ ልጅ ከሩሀማ ጋር ገብቶ አንድም ግንድ ሳይነካ ዞረ። ከአሥራ ሦስት ፈረሶች አሥራ አንደኛ ወጣ። ጋሽ ሐዲስ ምክንያቱን ሲጠየቁ ፈረሱ ሰማይ ሰማዩን እንደሚያይ፣ መሬት የማያይ ፈረስ ደግሞ አንድ ቀን ሰው እንደሚጥል ተናገሩ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ኢያሱ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር። የዓረብ ፈረስ አንገቱን የሚያቆመው ከአጥንቱ አገጣጠም የተነሳ መሆኑን፣ ትዕቢት አለመሆኑን ነገራቸው። ጋሽ ሐዲስ በትዕግሥት ሰምተው፣ ሰውም ሲታበይ አጥንቱ ነው የሚቆመው ብለው መለሱለት።

ክርክሩ ከሜዳው ወደ ከተማው ገባ። ዓረብ ለዚህ ውድድር ይሆናል፣ አይሆንም፤ ዓመቱን ሙሉ ወልደሥላሴ ባለፈበት ሁሉ አንድ ሰው ይጠይቀዋል። ከአልጣሽ ጋር ደግሞ ሌላ ውል ነበረው። ዘንድሮ ሰንደቅ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ካልወጣ፣ ሁለት ጊዜ መጥቶ ላየው አንድ የጅማ ጋሪ ነጂ ሊሰጥ፣ በምትኩም በቅሎ ሊመጣ ተስማሙ። ውሉን ያቀረበው ራሱ ወልደሥላሴ ነው፤ እንደማይሸነፍ እርግጠኛ ነበር።

ነሐሴ ላይ የፈረሱን አንገት የሚያወርድ የቆዳ ጠፍር ሰፋ። ቀላል ነገር ነው፦ አንዱ ጫፍ ከፈረሱ አፍንጫ ሥር ከልጓሙ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው በፊት እግሮቹ መካከል አልፎ ከኮርቻው መቀነት ጋር ይታሰራል። አምስት ቀዳዳ በሳበት። ከመጀመሪያው ወደ አምስተኛው ቀዳዳ በጠበቀ ቁጥር የፈረሱ አንገት ይወርዳል። ፖሊስ ቤት ሳለ ጋላቢውን በጭንቅላታቸው ለሚመቱ ፈረሶች ሲያስሩት አይቷል፤ ለሚዘል ፈረስ ግን ክልክል እንደነበር ያውቃል። አሠልጣኛቸው ሲነግራቸው፣ በግንድ ድልድይ የሚሻገር ሰው ክንዱን እንደሚዘረጋ ፈረስም ሲዘል አንገቱን ይዘረጋል፣ አንገቱን የታሰረ ፈረስ ክንዱን የታሰረ ሰው ነው ብሏቸው ነበር። ወልደሥላሴ ይህን አልረሳውም። ጥቂት ብቻ ነው ብሎ አሰበ።

በመጀመሪያው ቀዳዳ ሰንደቅ ተቆጣ። በሁለተኛው አላበው። በሦስተኛው፣ መስከረም ሲጋመስ፣ አንገቱ ወረደ፤ ጅራቱም አብሮ ወረደ። ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲለማመዱ ያዩ ሰዎች አስር አለቃ ፈረሱን አሳመነው ብለው አደነቁ። ሩሀማ ግን ደስ አላላትም። ሃያ ዓመቷ ነው፤ እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ትማራለች፤ ፈረሱ ከእሷ ሌላ ማንንም አይታገሥም።

«አባዬ፣ ግንዱን የሚያየው እላዩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው» አለችው አንድ ቀን፣ ከኮርቻ ሳትወርድ።

«ይለምደዋል።»

«ከሦስተኛው አታሳልፈው። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባላት።

የውድድሩ ዕለት ዝናብ አድሮ ሜዳው ረጥቧል። ሰው ከጠዋት ጀምሮ በሚኒባስና በባጃጅ ሲጎርፍ ነበር። ሰንደቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲገባ ከአጥሩ ወዲያ አንዱ፣ ሰንደቁ ዛሬ ምነው ዝቅ ብሎ ተሰቀለ፣ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ፤ ሳቅ ሆነ። ወልደሥላሴም ፈገግ አለ። ግን ተራቸው ሲቃረብ ከበሮ ተመታ፤ ባዝራ አሽካካች። ሰንደቅ ጠፍሩን ወጥሮ ራሱን ሊያነሳ ታገለ፤ ጅራቱ ቀና አለ። ጋሽ ሐዲስ ከወንበራቸው ሆነው ወደዚህ እየተመለከቱ ነበር።

ወልደሥላሴ መቀነቱን የሚያጠብቅ መስሎ ከፈረሱ ደረት ሥር አጎነበሰ። ጠፍሩን ከሦስተኛው ቀዳዳ ፈታ። አራተኛውን አልፎ አምስተኛው ላይ አሰረ። ቀና ሲል ሩሀማ የሞተር ሳይክል ቆቧን አገጯ ሥር እያሰረች ወደ ታች ታየው ነበር። ጉልበቷን ነካ አድርጎ «ሂጂ» አላት።

የመጀመሪያውን ግንድ አለፉ። ሁለተኛውን አለፉ፤ እርምጃው እኩል፣ አንገቱ የወረደ፣ እንደ ገሻ ፈረስ። ጋሽ ሐዲስ በመስማማት አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወልደሥላሴ ይህን በዓይኑ ያዘው። ሦስተኛው የቀርከሃው አጥር ነው፤ ከኋላው ቦይ አለበት። ፈረሱ ዘግይቶ አየው። ከመሬት ሲለቅ አንገቱን ሊዘረጋ ሞከረ፤ ጠፍሩ መለሰው። ጉልበቱ ቀርከሃውን መታ፤ በአፍንጫው ጭቃው ውስጥ ተተከለ፤ ሩሀማ ከራሱ በላይ ተወርውራ በትከሻዋ ወደቀች።

ወልደሥላሴ ሲደርስ ልጁ ዓይኗን ከፍታ ነበር፤ አጥንቷ ከአንገትጌዋ ሥር ወጣ ብሎ ይታያል። ሰው አንስቶ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። ሰንደቅ ተነስቶ፣ ሁለቱም ጉልበቶቹ ተገሽልጠው፣ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። ወልደሥላሴ መጀመሪያ ያደረገው ጠፍሩን ፈትቶ ኪሱ መክተት ነው። ኢያሱ የፈረሱን ቁስል ለማጠብ ሲመጣ ለመዝገቡ ብሎ ጠየቀው፦ ጠፍሩ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር?

«ሦስተኛው ላይ» አለ ወልደሥላሴ።

ኢያሱ ጻፈው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ቀላል ሆነለት፤ ያስጨነቀውም ይኸው ነው። ሊጠይቁ የመጡት ሁሉ ጥፋቱን ለፈረሱ ሰጡት። የባዕድ ዘር ነው፤ ጋሽ ሐዲስ ሰው ይጥላል ብለው አልነበር? ዳኞቹ በቃለ ጉባኤያቸው ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የውጭ ዘር ያለበት ፈረስ እንዳይገባ ሐሳብ አቅርበዋል ተባለ። ልትሳለቅበት ብዙ ምክንያት የነበራት አልጣሽ እንኳ አልተሳለቀችም፤ ሳህኑ ላይ ወጥ ጨመረችለት፤ ይህም ከስላቋ የባሰ ሆነበት። በአራተኛው ቀን አንድ ገበሬ የምታነክስ በቅሎ ይዞ መጣ። ወልደሥላሴ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ሦስት ጊዜ ዞራት። ኮርቻው ጎኗን ልጦታል፤ ጥፋቱ የገበሬው መሆኑ ግልጽ ነው። እሱ ግን ነገ ተመለስ ብሎ ሰደደው።

በዚያው ምሽት ሩሀማ ክንዷን በነጠላ አንግታ መጽሐፍ ስታነብ አጠገቧ ተቀመጠ። የሚለውን ሲያዘጋጅ ቆይቶ ስለነበር በአንድ ትንፋሽ አወጣው።

«አምስተኛው ላይ ነበር ያሰርኩት።»

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ስታስረው። ከላይ ሆኜ ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

መጽሐፉን ዘጋች። «ያሰርከው አንተ ስለሆንክ ነው» አለችው።

በማግስቱ ሌሊቱ እንደነጋ ጠፍሩን ይዞ የደካ ሚኒባስ ተሳፈረ። ጋሽ ሐዲስን ከቤታቸው ጓሮ የንብ ቀፎ ሲያስተካክሉ አገኛቸው። መጀመሪያ ስለ ልጅቱ ጠየቁ፤ አጥንቷ እየያዘ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ጠፍሩን ሰጣቸውና የሆነውን ሁሉ፣ ለኢያሱ የመለሰውን ጭምር ነገራቸው። ሽማግሌው ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። አምስተኛው ተለጥጦ ሞላላ ሆኗል።

«ለምን ብለህ?»

«ያጠበቅሁት ለእርስዎ ዓይን ብዬ ነው። የዋሸሁት ለስሜ ነው።»

ጋሽ ሐዲስ ጠፍሩን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። «አወዳደቁን ነገርከኝ። ዳኝነቱን ግን አልለወጥክብኝም። ያለ ጠፍር ቢመጣ ያው አሥራ አንደኛ ነው የማደርገው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ሐዲስ።»

«እንደዚያ ያለ አንገት መውደድ በዚህ ዕድሜ አይለመድም።» ትንሽ አሰቡ። «አይግባ የሚለውን እሰርዘዋለሁ። ገብቶ ይሸነፍ እንጂ ለምን ይከልከል። ያንተ ቃል ግን ይጻፋል፤ ሰው ፊትም ይነበባል።»

«ይነበብ።»

«ይህም እኔ ዘንድ ይቆያል» ብለው ጠፍሩን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

ወልደሥላሴ ቦንጋ ሲደርስ የጅማው ጋሪ ነጂ በሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። አልጣሽ ሰውየው እንዲሰማ አድርጋ ባሏን ጠየቀችው።

«እንግዲህ ቁርጡን ንገረኝ። የተሸነፈው ፈረሱ ነው አንተ?»

«እኔ ነኝ» አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ቆሞ ነገራት።

አልጣሽ ሩሀማ ወደተኛችበት ክፍል በር ተመለከተች። ኋላ ወደ እንግዳው ዞረች። «የሚሸጥ ፈረስ የለንም፣ ወንድሜ። ጋሪ የሚጎትት ከፈለግህ ይኸውልህ፣ አስር አለቃ አለ፤ እድሜው ቢገፋም ጥርሱ ደህና ነው።» ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ባሏን እዚያው ትታ ወደ ልጇ ገባች።

ወልደሥላሴ ወደ ጓሮ ዞረ። የሰንደቅ ጉልበቶች ቅርፊት ይዘዋል። ልጓም የለበትም፣ ጠፍር የለበትም፤ አንገቱን እንደ ድሮው አቁሞ ከአጥሩ ወዲያ ወደ ጫካው ይመለከት ነበር። ወልደሥላሴ ቀረብ ብሎ ግንባሩን ሊዳስሰው እጁን አነሳ። ፈረሱ እጁን ሲያይ ራሱ ወደ ደረቱ ወረደ፤ ልክ አምስተኛው ቀዳዳ በሚያቆምበት ቁመት ላይ ቆመ።

ወልደሥላሴ እጁን አወረደ። ፈረሱ አንገቱን ቀና እስኪያደርግ ድረስ ቆሞ ጠበቀ።