መጠባበቂያ የጨመርኩበት መነጽር

ከሶዶ ቤታችን በረንዳ ወደ ዳሞታ ተራራ ሲመለከቱ ከጫፉ ላይ አንድ የአንቴና ምሰሶ ይታያል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሰማዩ በጠራ አንድ ጠዋት፣ ምሰሶው ጠፋኝ። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አየሁ። ተራራው አለ። ምሰሶው የለም።

ከተማሪነቴ ጀምሮ ማዮፒያ አለብኝ፤ ቅርቡ ይታየኛል፣ ሩቁ ይደበዝዝብኛል። የመነጽሬ ቁጥር ማይነስ 2.50 ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሳይነቃነቅ ኖሯል። ሙያዬ የመሬት ቅየሳ በመሆኑ የቁጥሩን ትርጉም ሳልጠይቅ አላለፍኩም። የመነጽር ኃይል የሚለካው በዳይኦፕተር ነው። መቶን ለቁጥሩ ሲያካፍሉ፣ ዓይን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይበት የመጨረሻ ርቀት በሴንቲ ሜትር ይገኛል። የእኔ አርባ ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር ርቀቱ ያጥራል፤ መነጽሩም ይወፍራል።

ስለዚህ የቅየሳ ሜትሬን አወጣሁ። ባለቤቴ አስቴር የሜትሩን ጫፍ ከዓይኔ ሥር ያዘችልኝ፤ እኔም ጋዜጣውን ፊደሉ መደብዘዝ እስኪጀምር ድረስ አራቅኩት። ሠላሳ ላይ ቆመ።

«የሰው መሬት ለክተህ ጨረስክና አሁን ፊትህን ጀመርክ?» አለችኝ።

በመነጽር ቤቱ የነበረው ማሽን ማይነስ 3.25 አለ። ከእኔ ልኬት ጋር በመቀራረቡ ከመስጋት ይልቅ ደስ አለኝ። አዲሱን መነጽር ሳደርግ ምሰሶው ተመለሰ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እንደገና ጠፋ። ሜትሩ ሃያ አምስት አለ፤ ማሽኑም ማይነስ 4.00። ጭማሪው እንደሚቀጥል አስልቼ 4.50 እንዲሠራልኝ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ይከብድዎታል» አለኝ ባለሙያው።

«መጠባበቂያ ይኑረው» አልኩት። በመሥሪያ ቤታችን ያለ መጠባበቂያ የቀረበ ዕቅድ ተመላሽ ይደረግ ነበር።

ያም መነጽር ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አቶ ጳውሎስ ከመንገዱ ማዶ ሰላምታ ሰጥቶኝ ኖሯል። አላየሁትም። ተሻግሮ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተ ሰው፣ ጡረታ ወጣህ እንጂ ሚኒስትር አልተሾምክም! ለሰላምታም ደጅ ልንጠና ነው?» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ቤት እስክደርስ ግን ወንድሜን ሳስብ ሄድኩ።

ታላቅ ወንድሜ ዳና የሚኖረው በጉኑኖ ከተማ ነበር። ዓይኑ ጠፍቶ ሞተ። ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በረንዳ ላይ ቆሜ ምሰሶውን እፈልግ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ውሃ ይጠማኛል፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። ሌሊት ለሽንት እነሳለሁ፤ ዕድሜ ነው አልኩ። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ይህንን ያየችው አስቴር ናት።

«መነጽርህ እየወፈረ አንተ እየቀጠንክ ነው። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ሜትርህን እዚሁ ተወው» አለችኝ።

የዓይን ሐኪሟ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። መነጽሬን ከብርሃኑ ፊት አንስታ አየችው።

«አባባ፣ ይህን ማን አዘዘልዎት?»

«እኔው ራሴ ነኝ።»

ስለ ልኬቴና ስለ መጠባበቂያው አስረዳኋት። ፈገግ አለች። «ልኬትዎ ትክክል ነው። ግን መነጽር በጀት አይደለም» አለች። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «በእርስዎ ዕድሜ ማዮፒያ በሳምንታት እንዲህ አይሮጥም። ውሃ ይጠማዎታል?»

አስቴር ቀድማኝ መለሰች።

ጣቴን ወግተው ደሜን ለኩ። ስኳሬ ከልክ በላይ ወጥቶ ነበር። ብሌኔን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመሩብኝ። ብርሃኑ አቃጠለኝ። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ አየች። ለእኔ ግን የወንድሜ ፊት ነበር የሚታየኝ።

«በዓይንዎ የኋላ ግድግዳ፣ በሬቲናው ላይ ጥቂት የደም ነጠብጣቦች አሉ። መሐሉን አልነኩትም። በጊዜ መጥተዋል» አለች።

አስቴር እጄን ያዘች።

ሐኪሟ በቀላል ቃል አስረዳችኝ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ የዓይናችን የተፈጥሮ ሌንስ ያብጣል፤ ሰውየው ማዮፒያው የባሰበት ይመስለዋል። ስኳሩ ሲወርድ ሌንሱ ይመለሳል፣ ለጊዜው ከልኩ አልፎም ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ በወፍራሙ መነጽር ማየት ያስቸግራል። ስኳሬ እስኪረጋ ድረስ አዲስ መነጽር እንዳላሠራ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ።

ማስጠንቀቂያው ባይኖር ኖሮ በማገገሚያው ጊዜ ልቤ በቆመ ነበር። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን ጀምሬ፣ ምግቤን አስተካክዬ፣ ከአስቴር ጋር ማለዳ ማለዳ መራመድ ከያዝኩ በኋላ ጥማቱ ለቀቀኝ፤ ዓይኔ ግን ይበልጥ እንግዳ ሆነብኝ። በ4.50ው መነጽር ደረጃው ከእግሬ ሥር የሚሸሽ እየመሰለኝ ራሴን ያመኝ ነበር። ሳወልቀው ደግሞ ጋዜጣውን ክንዴን ዘርግቼ ካልሆነ ማንበብ አቃተኝ፤ በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም። ወደ መነጽር ቤቱ ልሄድ ተነስቼ ከበር ተመልሼ አውቃለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ከመሳቢያ የድሮውን ማይነስ 2.50 አውጥቼ አደረግሁና ወደ ዳሞታ ቀና አልኩ። ምሰሶው በቦታው ቆሟል። ሜትሩን ራሷ አስቴር አመጣችው። አርባ።

በዚያው ሳምንት የወንድሜ ልጆች እንዲመረመሩ ለመንገር ጉኑኖ ወረድኩ። የወንድሜ ሚስት ነገሬን ሰምታ ስትጨርስ ወደ ጓዳ ገብታ የዳናን ሦስት መነጽሮች ይዛ ወጣች። ጠርዛቸው እየወፈረ የሄደ ነበር። «አዲስ ባሠራ ቁጥር፣ አሁን ዳንኩ ይለኝ ነበር» አለችኝ በወላይትኛ። ሦስቱንም እንደ ሐኪሟ ከብርሃኑ ፊት አንስቼ አየኋቸው።

እንደ እኔ ማዮፒያ ላለባችሁ የምለው ይህንን ነው። ቁጥራችሁን እወቁ፤ ርቀታችሁን በቤታችሁ ለኩ፤ መለካት ጥሩ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ቁጥሩ በድንገት ከተለወጠ ግን ከመነጽር ቤት በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ስኳራችሁንም ተመርመሩ። ለሐኪሟ፣ ከሁሉም በላይ ቀበቶዬን ላየችው ለአስቴር ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከወንድሜ ልጆች አንዱ ስኳር ተገኝቶበት መድኃኒት ጀምሯል። እሱም መነጽር ሊቀይር አስቦ ነበር።