ላኪ ያለችኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጀሞ፣ ልጄ ቤት ተቀምጬ ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በበረንዳው ገብታ እስከ ወንበሬ ትደርሳለች፣ እኔም እግሬን ዘርግቼ እሞቃለሁ። ከታች የታክሲ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንድ ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

«ላኪ! ላኪ አልኩህ እኮ!»

የልጅ ልጄ ናት። ስልኩን አፏ ፊት ይዛ ታወራለች። ከስልኩ ውስጥ አንድ ጎረምሳ «ምኑን ነው የምልከው? ፎቶ ነው?» ይላል። እሷ በሳቅ ፍርስ ትላለች። እንደገና «ላኪ!» ትለዋለች። ልጁ ምን እንዳለችው አልገባውም።

እኔ ግን የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ድምፁ የልጅቷ አልነበረም። የሴት አያቷ ነው፤ ያውም አያቷ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ላፍቶ ወንዙ ዳር የሰማሁት። የሞተ ሰው ድምፅ በሌላ ሰው ጉሮሮ ተመልሶ ይመጣል ቢሉኝ «ሂዱ ወዲያ» እል ነበር። ይኸው በጆሮዬ ሰማሁት።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ከቡልጋ መጥቼ ላፍቶ ድንጋይ ካባ ጠራቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ካባ ማለት ድንጋይ የሚወጣበት ገደል ነው፤ በፈንጂ ይናዳል፣ ከዚያ እኛ በመዶሻ ጠርበን ለቤት መሠረት እናደርሰዋለን። ዛሬ ሕንፃ የሞላው ያ ሁሉ አገር የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ካባው ጫፍ ላይ ስትቆም የነፋስ ስልኩ ምሰሶዎች በሩቁ ይታያሉ። ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ብቻ፣ ቃል ባሕር ይሻገራል ይሉን ነበር። እኔ እነዚያን ብረቶች ባየሁ ቁጥር አፌን ከፍቼ እቀር ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ተአምር የለም ብዬ ነበር። አለ።

እሷ የአገሩ የገበሬ ልጅ ነበረች። ካባው ላይ ወተት ታመጣልን ነበር። ቅሉ በወይራ የታጠነ ነው፤ ባሩድ ሲሸተን ውለን ያንን ወተት ስንጠጣ ገነት የገባን ይመስለን ነበር። ኦሮምኛ ነው አፏን የፈታችበት። አማርኛውን ከእኛ ከካባ ሰዎች ነበር የምትለቃቅመው፣ ወንድና ሴቱን ግን አትለይም። ለእሷ ሁሉም ሰው «አንቺ» ነው።

«ጠጪ! ዛሬ የታለበ ነው!» ትላለች።

«ኧረ እኛ ወንዶች ነን!» ይሏታል ጠራቢዎቹ።

«ወንድ ከሆንሽ ጠጪ!»

ያ ሁሉ ጺማም ሰው መዶሻውን ጥሎ ይስቃል። እሷ አትስቅም። ቅሏን እንደያዘች ትክ ብላ ታየናለች፤ ምኑ እንዳሳቀን የሚገባት አይመስልም ነበር። አሁን ሳስበው ገብቷት ነበር።

አንድ ቀን ፈንጂው ተቀብሮ፣ ካቦው «ተኙ!» ብሎ ጮኸ። ካቦ የሥራው አለቃ ነው። ሁላችን መሬት ላይ ተደፋን። ቀና ስል እሷ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማለች። «ተኚ!» አልኳት፣ አልሰማችኝም። ምድር ተናወጠች። ድንጋይ እንደ ወፍ መንጋ ተነሣ። አቧራው ፀሐይዋን ሸፈናት። እሷ ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም፤ የወጣው ድንጋይ ተመልሶ እስኪወርድ ድረስ አንጋጣ አየች። ከዚያ ወደ ካቦው ዞራ፣

«ደግሞ ተኩሺ!» አለችው።

እኔ ያን ቀን አለቀልኝ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከካባው ሥር ወዳለው ወንዝ እየወረድኩ እታጠባለሁ። እሷም ቅሏን ታለቀልቃለች። እሷ ከወንዙ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ነን። ወተት «አናን» መሆኑን፣ ድንጋይ «ዳጋ» መሆኑን ያስተማረችኝ እዚያ ነው። እኔም «አንተ» እና «አንቺ»ን ላስተምራት ለፋሁ፤ አልሆነም። እምቢ የሚለውን ቃል ግን አላስተማረችኝም። ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ እምቢ የሚያሰኝ ነገር ጠይቄያት አላውቅም።

ግንቦት ሲያልቅ ደፈርኩ። ውሃው እየጮኸ ነበር፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ ወይ?»

ቅሏን ከውሃው አወጣች። አየችኝ።

«ላኪ!» አለች።

ተነሥታ ዳገቱን ወጣች። ዞር አላለችም። «ኪ»ዋን ጠበቅ አድርጋ ነበር ያለችው፤ እኔ ጉጉት መሰለኝ።

ያን ዕለት ማታ ሰፈር ገብቼ አብሮኝ ለሚኖረው ጠራቢ ነገርኩት።

«ላክ ነው ያለችህ ላኪ?» አለኝ።

«ላኪ።»

«በቃ፣ እሷ ለወንድም ላኪ ነው የምትለው! ካቦውን ራሱን ተኩሺ ብላው የለም? ምን ትጠብቃለህ፣ ላክ እንጂ!»

እዚህ አገር ዘመድ አልነበረኝም። ካቦውን ለመንኩት። የአቦውን ቄስና አንድ ሽማግሌ ጨምሮ፣ በሰኔ የመጀመሪያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱልኝ። የሚያገባ ሰው ሽማግሌ ሲልክ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል ነው ወጉ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። የጓደኛዬን ኮት ተውሼ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩና ከአባቷ አጥር ውጭ ቆምኩ። አጥሩ ቁልቋል ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ድምፃቸው ይሰማኛል።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ የመጡበት ነገር መልስ ሳያገኝ አይቀመጡም። ካቦው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣን» አለ።

«ደግ ነው» አሉ አባቷ። አማርኛውን አሳምረው ያውቁት ነበር። «ግን ልጄን ጠይቋታል? እኛ ቤት ልጅ ሳትጠየቅ አትሰጥም።»

«ኧረ ጠይቋታል!» አለ ካቦው፤ ደረቱን ሲነፋ በአጥር ያየሁት ያህል ነው። «ራሷ እኮ ናት ላኪ ያለችው!»

ቀጥሎ አንዲት ሴት ከውስጥ ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ወንድሞቿ፣ ከዚያ አክስቶቿ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። አባቷ ሳቃቸውን እንደምንም ውጠው፣

«ጌቶቼ፣ አትቀየሙን» አሉ። «በእኛ ቋንቋ ‹ላኪ› ማለት ‹አይሆንም› ማለት ነው። ልጄ እምቢ ብላው ነው እናንተ የመጣችሁት።»

ዝናቡ ጀምሯል፤ የተዋስኩት ኮት ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። መሮጥ ነበረብኝ፣ አልሮጥኩም። እኔ ግትር ነኝ፤ ከቆምኩበት የሚያነሣኝ የለም። ቄሱ «እግዚአብሔር ይማረን» ሲሉ ይሰማኛል። ካቦው፣ ያ ሁሉ ጠራቢ የሚፈራው ሰው፣ ጋቢውን ሰብስቦ «እንግዲህ እንሂድ» ሲል ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ።

አባቷ ግን «ቆዩ» አሉ። እንግዳ አፍሮ ከቤታቸው እንዲወጣ አልወደዱም መሰለኝ። ልጅቷን ጠሯት። ከጓዳ ወጥታ በሩ ጋ ቆመች። በኦሮምኛ ጠየቋት። ያኔ ኦሮምኛው ባይገባኝም የሚጠየቀውን አውቃለሁ፤ «ይህን ሰው ምን ብለሽዋል?» ነው። ቤቱ ደግሞ ሊስቅ አፉን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

እሷ በኦሮምኛ አልመለሰችም። እንግዶቹ እንዲሰሙ፣ ጥርት አድርጋ፣

«በአማርኛ ነው ያልኩት» አለች።

ይህን እስክጽፍ ድረስ ዕድሜዬን በሙሉ ሳስበው ኖሬያለሁ፤ አሁንም ይደንቀኛል። የወጣ ቃል አይመለስም ይላሉ። እሷ አልመለሰችውም። ባለበት ተወችው፤ ያው አንድ ቃል ባለበት ቆሞ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ተሻገረ፣ እምቢም እሺ ሆነ። ባሕር የሚያሻግሩት እነዚያ ረጃጅም ብረቶች ምን ሠሩ? እሷ ቁመቷ ከበሩ መቃን አጋማሽ ብዙም አያልፍም ነበር።

አባቷ ሊስቁ የተዘጋጁትን በእጃቸው ከለከሉ።

«ልጄ አማርኛ እንዲህ ማወቋን እኔም ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉ። ቀጥለውም ለሽማግሌዎቹ፣ «ተቀመጡ እንግዲህ» አሏቸው።

ይኸው ነው። በጥር ተጋባን። እኔ ኦሮምኛ ተማርኩ፣ እሷም አማርኛውን ከእኔ አስበልጣ ቻለችው። ካባው ቀረ፣ ማሳው ቀረ፣ ልጆቻችን በዚያው አገር ከተማው እየከበባቸው አደጉ። «እውነት የትኛው ነበር?» እያልኩ በየጊዜው እጠይቃት ነበር። «በአማርኛ ነው አልኩህ እኮ» ብላ ትዘጋኛለች።

የልጅ ልጄ ያን ቀን ስልኳን ዘግታ ከበረንዳው ስትገባ ፊቴን አየችው።

«አባባ፣ ምን ሆንክ?»

«ያ ልጅ ምን ጠይቆሽ ነው?»

«ቅዳሜ ልምጣና ከቤተሰብ ጋር አስተዋውቂኝ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ላኪ አልኩታ!»

«የትኛውን ላኪ?» አልኳት።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ኩሽና ገባች። ለልጁ አዘንኩለት፤ ደግሞም ቀናሁበት።

እኔ መልሴን ያገኘሁት ባለቤቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ሕመሙ ይዟት ስለነበር ብዙ አትነሣም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ወንበሯን ከአጠገቤ አስጠጋሁላት። ሳልጠይቃት ራሷ ጀመረች።

«እውነቱን ልንገርህ? ወንዙ ዳር ያልኩህ እምቢ ነበር። የእውነት እምቢ። የካባ ሰው ዛሬ አለ ነገ የለም ይሉን ነበር፣ ፈራሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እነዚያ ሁሉ ሲስቁ በጓዳው ግድግዳ ስንጥቅ ወደ ውጭ አየሁ። አጥሩ ጋ ቆመሃል። ሰው እየሳቀብህ፣ ዝናብ እየወረደብህ፣ አልሄድክም። ታለቅሳለህ።»

«አላለቀስኩም» አልኳት።

«አልቅሰሃል።»

«የካባ አቧራ ዓይኔ ገብቶ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እሁድ ነበር እኮ! ካባው ዝግ ነው። ደግሞስ በዚያ ዝናብ አቧራ ከየት መጣልህ?»

«ኮቱ ላይ የነበረ ነው።»

«ኮቱ የሰው ነበር!» ብላ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ውሃ ሰጠኋት። እየጠጣችም እጄን አልለቀቀችም። ፀሐይዋ ከወንበራችን እስክትሸሽ ተከራከርን፤ እሷም አልተረታች፣ እኔም አልተረታሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምትለኝ ሰላምታ «አቧራው እንዴት አደረ?» ሆነ። እስከ መስቀል ድረስ እንዲህ ስትለኝ ከረመች። በጥቅምት አረፈች።

እኔ ዛሬም አላለቀስኩም ነው የምለው። ቃሌን አልለውጥም። የሚከራከረኝ ግን የለም።