የአባቴ ዕብራይስጥ

ያቭነ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤታችን ሰሞኑን ቀለም ተቀብቶ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት የእርጥብ ቀለም ሽታ ተቀበለኝና እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ያን ሽታ ከአባቴ ልብስ፣ ከፀጉሩ፣ ታጥቦ ሲመጣም ከጣቶቹ አውቀዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ቂርያት ማላኺ ነው፤ እኔ እንደ አገሩ ወጣት ሁሉ ወታደር ቤት ልገባ የመጨረሻውን ክፍል እማር ነበር። አባቴ ቤኤር ቱቪያ ከሚሠራበት ፋብሪካ ወጥቶ የራሱን የቤት ቀለም ሥራ ጀመረ። ደንበኛ ግን አልበረክትለት አለ። ምን ልበልህ፣ ወደዚህ አገር ሳይመጣ ጎንደር ሳለ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው ነበር። ወሬውን ከሩቅ ይጀምራል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፤ ወደ ጉዳዩ የሚገባው የሰውየው ልብ ከረጋ በኋላ ነው። እዚህ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩ ይዘጋበታል።

ስለዚህ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሰጥ ትምህርት ገባ። አስተማሪዋ «ደንበኛ ጊዜ የለውም፤ አሳጥራችሁ ተናገሩ፣ ዓይን ዓይኑን እዩት» ትላቸው ነበር። ቤት ሲመጣ እኔን ደንበኛ አድርጎ ይለማመዳል።

«አባ፣ መሬት መሬት አትመልከት፤ እኔን እየኝ።»

«ሰው ላይ ማፍጠጥ ምን የሚሉት ጨዋነት ነው፣ ልጄ?»

«እዚህ ግን አቀርቅረህ ስትናገር የምትዋሽ ይመስላቸዋል።»

እናቴ ከጓዳ ትስቃለች። እሱ አይስቅም። የዕብራይስጡን ቃል ጉሮሮውን እየጠረገ ይመላልሰዋል፤ በመጨረሻ እንደ ሬዲዮ ሰው ጥርት አድርጎ ይናገረው ጀመር።

ገዴራ የግል መዋለ ሕፃናት ያላት አንዲት ሴት በስልክ አነጋግራኝ ቀጠሮ ሰጠችን። አባቴ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። ግቢው የብርቱካን አበባ ይሸታል፤ ከውስጥ የሕፃናት መዝሙር ይሰማል። ሴትዮዋ ፈገግታ ከፊቷ የማይጠፋ ሰው ነበረች፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሁሉ አመጣችልን።

አባቴ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና ዓይኗን እያየ በዕብራይስጥ ተናገረ። «ግድግዳው እርጥበት አለው። መጀመሪያ እናደርቀዋለን፣ ከዚያ እንቀባዋለን። የምንሠራው ሕፃናቱ ቤታቸው ሲገቡ ነው።»

አንድ ቃል አልሳተም። ሴትዮዋ ፈገግ እንዳለች ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለ?»

መልኩን አይታ የሚናገረው አማርኛ ነው ብላ ጆሮዋን ዘግታበት ነበር። ምን ላድርግ? የአባቴን ቃል፣ ያንኑ ዕብራይስጥ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ደገምኩላት።

«አሃ! ቤሰደር፣ እሺ፣ አሁን ገባኝ» አለች። «አባትሽን አመስግኚልኝ።»

አባቴ እዚያው አጠገባችን ቆሟል። ሰምቷታል። ዓይኑን ከፊቷ አነሣ።

ሥራውን አገኘን። ስንመለስ መኪና ውስጥ እኔ ተንጨረጨርኩ፤ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩባት። እሱ መሪውን እንደ ያዘ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣

«ንግግሬ ስሕተት ነበረው?» አለኝ።

«ምንም አልነበረውም፣ አባ።»

«የከፋው እኮ እሱ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ በዕብራይስጥ ተናግሮ አያውቅም። ለእኔ በአማርኛ ይነግረኛል፤ እኔ እነግራቸዋለሁ። ደንበኛውም እያደር በዛ። «ካንቺ ጋር መግባባት እንዴት ይቀላል!» ይሉኝ ነበር። ዛሬም በሥራዬ ደንበኞች እንዲያ ብለው ያመሰግኑኛል። በሰማሁት ቁጥር አፌን ይመረኛል።

ወታደር ቤት ስገባ የሚናገርለት ሰው ጠፋ። መሰላሉንና ብሩሾቹን ለጎረቤት ሰጥቶ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። መጀመሪያ ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ «ሥራው እንዴት ነው፣ አባ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ደህና ነው» አለኝ። «ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም ማንንም አያናግርም።»