ያልጠየቅኋት ጥያቄ

ይህን ለእናቴ እንኳ አልነገርኋትም። ስታነቡት ፊቴን ስለማታዩት ብቻ ነው የምደፍረው። ዓይነ አፋር ናት እያሉ ያመሰግኑኛል። እኔ ግን ዓይነ አፋርነቴን እጠላዋለሁ፤ የተጎዳችበት ሌላ ሴት ናትና።

አመነች የታላቅ ወንድሜ ሚስት ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት ወደ ሆሳዕና ከተማ ስመጣ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ከእምብርቷ በታች ስላመማት ክሊኒክ ወሰድኋት። እሷ አማርኛ አታውቅም፤ የሚያክማት ድሬሰር ደግሞ ሀዲይኛ አያውቅም።

«እንግዲህ ተማሪዋ፣ ዛሬ አፏ አንቺ ነሽ» አለኝ እየሳቀ።

ሆዷን ሲዳስስ በግራ በኩል እብጠት አገኘ። በእርግዝና መጀመሪያ የሴት እንቁላል በሚፈጠርበት እንቁልጢ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ እንደሚወጣ፣ ብዙ ጊዜም በራሱ እንደሚጠፋ ነገረኝ። ኢንፌክሽን ከሆነ ግን ዛሬውኑ መርፌ መጀመር አለባት አለ።

«የሚሸት ፈሳሽ አላት? ባሏስ ሲሸና ያቃጥለዋል? ጠይቂልኝ።»

ባሏ ወንድሜ ነው። ቅቤ አዲስ አበባ ወስዶ የሚሸጥ፣ እሑድ እሑድ መዝሙር የሚመራ ወንድሜ። እንደሚያቃጥለው አውቅ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ሰሞን ከጓሮ ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ወደ አመነች ዞሬ በሀዲይኛ «ምግብ ይስማማሻል ወይ ይልሻል» አልኋት። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ለድሬሰሩም «ሁለቱም የለም ትላለች» አልሁት።

እኔ ነኝ ያልሁት። እሷ አልተጠየቀችም። ያልተጠየቀች ሴት መልስ ካርዷ ላይ ተጻፈ፤ እጢ ነው፣ ይጠፋል ተብለን ወጣን። በመንገድ ላይ ክንዴን ይዛ አንቺ ባትኖሪ ማን ያናግርልኝ ነበር አለችኝ። ያን ጊዜ መመለስ አልችልም ነበር? ክሊኒኩ ገና ከኋላችን ይታይ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በትኩሳት ነደደች። በአውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተን አዲስ አበባ ስናደርሳት እንቁልጢዋ መግል ቋጥሮ ነበር። ፅንሱ ወረደ። ዳግመኛ አትወልድም ተባለ። ወንድሜ ዓመት እንኳ ሳይቆይ መካን ብሎ ወደ እናቷ ቤት ሰደዳት። እሱ! መካን ያደረጋት እሱ! በሁለተኛው ሰርጉ ላይም ተገኘሁ፤ በላሁ፣ አጨበጨብሁ።

አፍሬ ነው አልልም። ባሏ ሌላ ሰው ቢሆንም አፍር ነበር፣ ግን እጠይቃት ነበር፤ ያን ቀን የወንድሜን ስም ከእሷ ማህፀን አስበለጥሁ። እሱ በሽታውን ሰጣት፤ መድኃኒቱን የከለከልኋት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ጃጁራ ገበያ አገኘኋት። ቆጮ ትሸጣለች። እጇን ጠርጋ አቀፈችኝና «ያኔ ለእኔ እንደ ደከምሽ፣ እግዚአብሔር ልጆች ይስጥሽ» አለችኝ።

አሜን አልሁ።

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ልትምረኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ ምን እንደበደልኋት ግን አታውቅም። ይህንንም ቢሆን የጻፍሁት እሷ በማታውቀው በአማርኛ ነው።