የለቅሶ ጥይት

ትዕዛዙ የደረሰን ረፋድ ላይ ነበር። በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት መንደሮች ተፋጠዋል፤ ወርዳችሁ መሃላቸው ግቡ ተባልን። እኔ የጦር ክፍሉ የሕክምና ረዳት ነበርኩ፤ በመካከላችንም ብቸኛዋ ሴት።

የሁለቱን ወገኖች ስም አልጽፍም። የሁለቱም ልጆች ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ አሉ፤ በአንድ መጋዘን ፈረቃ እየተቀያየሩ የሚሠሩም አውቃለሁ። የላይኛውና የታችኛው መንደር ልበላቸው። ቋንቋቸው ለየብቻ ነው፤ ገበያቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው ግን አንድ ነበር። በዚያ ዓመት ከየከተማው ክፉ ወሬ መጣ። አጥር ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፤ ወንዱ ሁሉ ጠመንጃውን ታቅፎ ማደር ጀመረ። ወንዙን የሚሻገር ጠፋ።

በገባን በሳምንቱ ከላይኛው መንደር አንድ ሽማግሌ ሞቱ። የገደላቸው በሽታ ነው። አባቶቻቸው የተቀበሩት ግን በታችኛው መንደር ባለው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ልጃቸው ዘነበች ድንኳኔ ድረስ መጣች።

«እህቴ፣ አንቺ ንገሪልኝ። አባቴን ሜዳ ላይ አልጥልም» አለችኝ።

ነገርኩላት። አለቃችን መቶ አለቃ ግርማቸው በሁለቱ መንደሮች መካከል ሲመላለስ ዋለ። በመጨረሻ የታችኞቹ ሽማግሌዎች «መሣሪያ ሳይዙ ይምጡ፤ ቀብረው ይመለሱ» ብለው ፈቀዱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የላይኞቹ ጠመንጃቸውን ድልድዩ አጠገብ ከመሩ። ጠባቂው ጋሻው የሚባል መትረየሰኛችን ነበር፤ ቀልደኛ ነው። አንድ አዛውንት ጠመንጃቸውን ሲያስረክቡት «አደራ ልጄ፣ አፈር እንዳይነካት» አሉት።

«አይዞዎት አባባ፣ እንደ ሚስቴ ነው የምጠብቃት።»

«ሚስት አለችህ እንዴ?»

«የለችኝም። ስለዚህ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ላይ ነው።»

ለቀስተኛው ሳይቀር ሳቀ።

አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሰ። የታችኞቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ ከድንጋይ ካብ ጀርባ ተቀምጠዋል። እኛ መሃል ቆመናል። ከለቅሶው በቀር ድምፅ አልነበረም።

ያላሰብነው የዘነበችን ባል ነው። ሩቅ ከተማ ይሠራ ነበር፤ መርዶው ደርሶት ሲገሰግስ መጣ። ስምምነቱን የነገረው የለም። ከከተማው የሚያመጣው መንገድ ድልድዩን አይነካም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ጉብታ በኩል ብቅ አለ። በዚያ አገር አማች የአማቱን አስከሬን ሲያይ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ካልተኮሰ ሟቹን እንደናቀ ይቆጠርበታል። እያለቀሰ ጠመንጃውን አነሣ። ሦስት ጊዜ ተኮሰ።

ከካቡ ጀርባ «ተከበብን!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ተኩስ ተከፈተ። አማቹ ወዲያው ወደቀ። የላይኞቹ ወደ ድልድዩ ሮጡ። ጋሻው የተከመረው መሣሪያ ፊት ቆሞ «ተው! የለቅሶ ነው! የለቅሶ ተኩስ ነው!» እያለ ሲጮህ ጥይት አገኘው። ከየት በኩል እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። የላይኞቹ ጠመንጃቸውን አነሡ። እኛ መሃል ላይ መሬት ይዘን ተኛን። መቶ አለቃው «አትተኩሱ! ማንን ነው የምትተኩሱት?» ይላል። አልተኮስንም። ከሁለቱም በኩል ግን ተተኮሰብን።

ቁስለኛውን እየጎተትኩ ወደ ደጀ ሰላሙ አስገባሁ። የላይኛ የታችኛ ሳልል ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ዘነበች ነጠላዋን ለፋሻ እየቀደደች ታቀብለኝ ነበር። ከታችኛው መንደር አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው ሆዱን ተመትቶ ተኝቷል።

«ማነው የጀመረው?» አላት።

«ባሌ ነው። ለአባቴ እያለቀሰ ነበር» አለችው።

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። «አባትሽ ለአባቴም ተኩሰውለታል፤ እዚያው ጉብታ ላይ ቆመው። ገና ስሰማው የለቅሶ መሆኑን አውቄው ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ዘንድሮ ማን ያምነኛል ብዬ።»

ሳይመሽ ሞተ።

ተኩሱ የበረደው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሲነጋ ሬሳ ቆጠርን። ከላይኛው መንደር ስድስት፣ ከታችኛው አምስት፣ ከእኛ ሁለት፤ አንዱ ጋሻው ነው። ሽማግሌው ከነቃሬዛቸው በሩ ላይ አድረዋል። አንድ ወታደር «እሳቸውንም እንቁጠር?» ሲል ጠየቀ።

«የለም» አለ መቶ አለቃው። «እሳቸው በሰላም ነው የሞቱት።»

ሁሉም እዚያው ግቢ ተቀበሩ። ዘነበች አባቷንና ባሏን በአንድ ቀን አፈር አለበሰች። የተኮሰ ሰው አልነበረም።

በቅርቡ፣ እዚህ ኮሎምበስ ዳር ዋይትሆል በምንኖርበት ሰፈር ጎረቤታችን የነበረ አንድ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር ሲቀበር ከልጅ ልጄ ጋር ሄጄ ነበር። ወታደሮች ተሰልፈው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ራሴን ያገኘሁት ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ነው። ልጅቷ ክንዴን ይዛ «ኢትስ ኦኬ አያቴ፣ ፎር ሪስፔክት ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ያኛውም ለክብር ነበር።»

«የቱ?» አለች።

ይህን የጻፍኩት ስለጠየቀችኝ ነው።