የአትጠገብ ስም ሊወሰድብኝ ሲል

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። በቅሎ እጭናለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ይህንንም በአንድ ጣቴ የምጽፈው እኔው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ስህተት ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ።

ባለፈው ማክሰኞ ጎንደር ወርጄ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

ደባርቅ ላይ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ስሟ «አትጠገብ» ነው፣ የሟች ባለቤቴ ስም። ኢንተርኔት ላይ ያለው አድራሻዋም በዚሁ ስም ነው። ያወጣችልን እኛ ዘንድ የከረመች፣ የስሜንን ዝንጀሮ የምታጠና ፈረንጅ ናት። የብዙ ዓመቱን ባንዴ ከፍላ፣ የሚሞላውን ከአትጠገብ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሞሉት። እኔ ያን ጊዜ «ይህ ደግሞ ምን ይፈይዳል» ብዬ ደጅ በቅሎ ሳራግፍ ነበርኩ።

ሰሞኑን አንድ እንግዳ መጣና «አባት፣ ቤትዎ ኢንተርኔት ላይ ጠፍቷል። ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» አለኝ።

እሷን አፈር ወሰደብኝ... ስሟን ደግሞ የማላውቀው ሰው? በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶብስ ጎንደር ወረድኩ።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ዘይነባ የምትባል ሴት የኢንተርኔት ቤት አላት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ የሰርጌን ኩታ የገዛሁት ከሳቸው ነው። ኮምፒውተሯን ነካካችና፣

«አያ ታከለ፣ ስሙ ጊዜው አልፎበታል» አለችኝ።

«ምነው? ማን አሳለፈው?»

«ማንም። እንደ ቤት ኪራይ ነው፣ ካልታደሰ ይለቀቃል። ጊዜው ካለፈም በኋላ ትንሽ ቀን ለባለቤቱ ይጠብቃል። እሱም ነገ ያልቃል። ከነገ ወዲያ ቀድሞ ለደረሰ ነው።»

«ባለቤቱማ እኔ ነኝ። በያቸው።»

«እነሱ እርስዎን የት ያውቁና? የሚያውቁት የይለፍ ቃሉን ነው።»

የይለፍ ቃል ከየት ላምጣ? ሟች ይዛው ሄዳለች። ዘይነባ ስትጎረጉር ቆየችና ቀና አለች።

«አንድ መንገድ አለ። የሚጠይቁትን ከመለስን ይከፍቱልናል። "ከሁለታችን በቀር ማንም የማያውቀው ስም" ይላል።»

የክርስትና ስሟ ነዋ። የክርስትና ስም ደግሞ ለነፍስ አባት እንጂ ለማንም አይነገርም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ምን እንደሚሠራበት አይታወቅም። ተነስቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝ።

ዘይነባ ነገሩ ገባት። አንድ ቃል ሳትጨምር የፈረንጁን ፊደል ከኛው ፊደል ጋር እያጣመረች ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ከወንበሯ ተነስታ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«እርስዎ ይጻፉት። እኔ አላይም።»

«ብታይስ?»

«ካየሁ ዓይኔ ይፍሰስ።»

ፊደል በፊደል እየፈለግሁ ጻፍኩት። እምቢ አለ። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ፊቷን ሳትመልስ «ከእንግዲህ ሁለቴ መሞከር ይቻላል፣ ከዚያ ይቆለፋል» አለች።

ያኔ ነው የነቃሁት። አትጠገብ የክርስትና ስሟን ለማሽን የምትሰጥ ሴት አልነበረችም፣ ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃዋ እሷ ነበረች። ሌላ ስም አለ። የእኔ። በሩ ሲዘጋ ብቻ የምትጠራኝ። እሱን ሰው ፊት ከማውጣት በቅሎ ቢረግጠኝ ይሻለኝ ነበር...

ጻፍኩት። እሱም እምቢ አለ።

«አያ ታከለ» አለች አሁንም ወደ በሩ እያየች፣ «የክርስትና ስም ከሆነ አይንገሩኝ። ሌላ ከሆነ ግን የሳተው አጻጻፉ ይሆናል። አንድ ነው የቀረን።»

መሬት መሬት እያየሁ «ጭላዳ» አልኳት።

«ምን?»

«ጭላዳ ነው ያልኩሽ። ያ ጸጉራሙ ዝንጀሮ። ስቆጣ ከንፈሬ እንደሱ ይገለበጣል እያለች... እንዲያ ነበር የምትለኝ።»

አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ ጥቂት አሰበች።

«ይህን የሞላችው ዝንጀሮ የምታጠናው ፈረንጅ ናት አላሉኝም?»

«ናት።»

«እንግዲያው ፈረንጅ ጭላዳን "ጀላዳ" ነው የሚለው። እዚህ መጥተው ስለ ስሜን የሚያትሙት ሁሉ ጀላዳ፣ ጀላዳ ነው።»

ቁጭ ብላ በፈረንጆቹ አጠራር ጻፈችው። ተከፈተ።

ክፍያው በካርድ ነው ስለተባለ ዱባይ ላለች እህቷ ደወለች፣ እህቷም እዚያው ሆና ከፈለች። ከምሳ በፊት የአትጠገብ ስም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዘይነባ «መጣሁ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። ግድግዳው ስስ ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ አዋቂ አይቻለሁ። የሚታየውንና የማይታየውን እንደሷ ለይቶ የሚያውቅ ግን አላየሁም። ደባርቅ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል ብዬ ነበር፣ እስከ ዛሬ ከአፏ አልወጣም። ስለዚህ እኔው ነገርኳችሁ፣ በሐሜት ከምትሰሙት ከባለቤቱ ስሙት። የክርስትና ስሟን ግን አትጠይቁኝ።

እንግዲህ ያለብኝ ይህ ነው፣ ማንም እንዲከፍልልኝ አልሻም። ለዘይነባ ሸጋ በግ፣ ሥጋችን ስለማይገናኝ በነፍሱ ነድቼ እወስድላታለሁ፣ እነሱው ይረዱት። ለዱባዪቱ እህቷ ብሯና የደጋ ገብስ በሶ። ለፈረንጇ፣ ተመልሳ ከመጣች፣ ከበቅሎዎቼ ገሯን።

ለአትጠገብ ደግሞ... ጭላዳ ብላ ስትጠራኝ አንድ ቀን እንኳ «አቤት» ብያት አላውቅም። እሱን እዚያው እሷ ዘንድ ስደርስ በገዛ አፌ እከፍላለሁ።